የመጀመሪያውን ልቃቂት አስቀምጡ፦ ትምህርትና ልምምድ አልገፋ ሲል እንዴት መጽናት ይቻላል?

ጥር ላይ፣ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት በተነገረ ሰሞን፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በማስተምርበት ክፍል በየዓመቱ አንድ ዓይነት ንግግር እሰማለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ማታ ማታ ሲያጠና የከረመ ተማሪ ጓደኞቹ እስኪወጡ ጠብቆ «ቲቸር፣ አራት ወር ሙሉ ለፋሁ፤ ግን ያው ነኝ» ይለኛል። ማለዳ ማለዳ የሚሮጠው ታናሽ ወንድሜም የጫማውን ጭቃ እያራገፈ ይህንኑ በሌላ አነጋገር ይነግረኛል። እንዲህ ላለ ሰው «በርታ» ማለት ቀላል ነው። ይሁንና ቃሉ ነገ ሲነሣ ከትናንቱ የተለየ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም፤ እንዲያውም በርትቶ የከረመን ሰው በርታ ማለት እስከ ዛሬ እንዳልበረታ መቁጠር ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሜ የምጠይቀው «ያው እንደሆንክ በምን አወቅህ?» ብዬ ነው። አብዛኞቹ ለዚህ ጥያቄ መልስ የላቸውም።

«ዘገየሁ» የሚለው ስሜት ከተለያየ ምንጭ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ ለውጡ አለ፤ የሚያሳየው መለኪያ ግን የለም። አንዳንድ ጊዜ ልምምዱ አንድ ቦታ ላይ ተይዟል፤ በዚያው መንገድ ሰዓት መጨመር አያስለቅቀውም። ሌላ ጊዜ ደግሞ የደከመው አካሉ ወይም ኑሮው ነው። ለእነዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት፣ ማለትም ተጨማሪ ሰዓት፣ ማዘዝ ብዙ ብርቱ ልጆችን ከመንገድ አስቀርቷል፤ የእኔም ልፋት ይህን ለማስቀረት ነው።

አስቀድሞ መለካት

ልጅነቴን ያሳለፍኩት መንዝ ነው። በመንዝ ደጋ የበግ ጸጉር ፈትሎ ባናና በርኖስ ማሠራት የቆየ ሙያ ሲሆን፣ ፈተሉ የሴቶች፣ ሽመናው የወንዶች ሥራ ሆኖ ኖሯል። እናቴ እንዝርት ያስያዘችኝ በስምንት ዓመቴ ነበር። ጸጉሩን በግራ እጄ ይዤ እንዝርቱን ሳሾር፣ ክሩ አንድ ቦታ ላይ እንደ ጣት ይወፍራል፤ ቀጥሎ ይሳሳና ይበጠሳል፤ የተበጠሰውን ስቀጥለው ደግሞ ጉብ ብሎ ይቀራል። ያን የመጀመሪያውን ልቃቂት ልጥለው ስል እናቴ ከእጄ ተቀብላ ሙዳይዋ ውስጥ ከተተችው። በዓመቱ ግድም፣ ዛሬም አልቻልኩበትም ብዬ ሳማርር፣ ሙዳዩን ከፍታ ያንን ልቃቂት አወጣችና የዚያን ዕለት ከፈተልኩት ጎን አስቀመጠችው። አንድ ቃል አልተናገረችም። አሮጌው ክር እንኳን ሊሸመን ሲጎተት የሚበጠስ ነበር፤ አዲሱ ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ሆኖ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ለውጥ ሳላየው የቀረሁት ፈትሌን በየቀኑ ከእናቴ ፈትል ጋር ሳስተያይ ስለከረምኩ ነው፤ ከእሷ ጋር ሲተያይ ርቀቱ ሁልጊዜ ያው ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ተግባር እንግዲህ የራሳችሁን የመጀመሪያ ልቃቂት ማኖር ነው። ዛሬ የምትችሉትን ነገር፣ ሳታሳምሩትና ሳታርሙት፣ ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ። እንግሊዝኛ የምትማሩ ከሆነ አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ድምፃችሁን በስልክ ቅዱ። ሒሳብ የምታጠኑ ከሆነ ከአንድ ምዕራፍ የተውጣጡ ሃያ ጥያቄዎችን በአንድ ሰዓት ሠርታችሁ ወረቀቱን ከነስሕተቱ አኑሩት። በገና የምትደረድሩ ከሆነ አንዱን መዝሙር ከነመሰናከያው ቅዱት። ስድስት ሳምንት ሲሞላ በተመሳሳይ ሁኔታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ክብደቱ ተመሳሳይ በሆነ ሥራ ራሳችሁን ደግማችሁ ፈትኑ። ለሒሳቡ ጥያቄዎቹ ከዚያው ምዕራፍ ይሁኑ፤ መልሳቸውን በቃል እንዳታስታውሱት ግን ሌሎች ይሁኑ።

በየቀኑ አትለኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ ማጣት፣ ምሳ ሳይበሉ መቀመጥ ወይም የጥያቄው ዓይነት መለወጥ ብቻውን በአንድ ቀን የሚያመጣው መውጣትና መውረድ ልምምድ በአንድ ቀን ከሚያስገኘው ለውጥ እጅግ ይበልጣል። በየዕለቱ የሚለካ ሰው በአብዛኛው የሚያነበው የዕለቱን ድካም ነው።

መለኪያውን ከቦታ ቦታ አለመቀያየርም ያስፈልጋል፤ ይህ በተለይ በእኛ አካባቢ ላለ ሯጭ ቁልፍ ነገር ነው። ወንድሜ አንድ ዓመት ለገና ሸዋ ሮቢት ወደሚገኙ ዘመዶቻችን ወርዶ በማለዳ ቅዝቃዜ 5 ኪሎ ሜትር ሮጠና በሰዓቱ ተደስቶ ተመለሰ። በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ላይ ያንኑ ርቀት ሲሮጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘገየ፤ አቅሙ የወደቀ መሰለውና ልምምዱን ሊተው ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በጣርማ በር በኩል ቁልቁል ወርደው መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ የሚደርሱባት ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ስለዚህ በዚያው አቅም የሚሮጥ ሰው ደጋ ላይ መዘግየቱ የግድ ነው። የወንድሜ አቅም አልወደቀም፤ የተለወጠው መሬቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ብቻ ይለካል።

ለውጥ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ማወቅም መለኪያውን ያስተካክላል። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ጃቶ በሚባል መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ሲያሸንፍ የፈጀበት ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ዳግም አሸነፈ። ሁለቱም በጊዜያቸው በዓለም ላይ ፈጣን የተባሉ ሰዓቶች ነበሩ። የሁለቱ ከተሞች መንገድ አንድ አለመሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ በአራት ዓመት መካከል ያለው ልዩነት 3 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ነው። አዲስ ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደቂቃዎችን ሲቀንስ ቆይቶ በኋላ ሴኮንዶችን መቁጠር ሲጀምር፣ መንገዱ እንደዚህ መሆኑን የነገረው ሰው ከሌለ የቆመ ይመስለዋል።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። ቀኑን፣ የሠራችሁበትን ደቂቃ፣ የሠራችሁትን ነገርና የዕለቱን አንድ ስሕተት በሁለት መስመር ጻፉ። ስሜታችሁን መጻፍ አያስፈልግም።

መቆሚያው ስም አለው

ለክተን ስናበቃ ለውጡ በእርግጥ ቆሞ ልናገኘው እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ1897 እና በ1899 ብራያንና ሃርተር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የቴሌግራፍ ሥራ የሚማሩ ሰዎችን ፍጥነት በየጊዜው እየለኩ ያገኙትን አሳትመው ነበር። የተማሪዎቹ መልእክት የመላክ ፍጥነት ሳይቋረጥ ሲያድግ፣ የመቀበል ፍጥነታቸው ግን ለብዙ ሳምንታት ባለበት ከቆመ በኋላ እንደገና ሽቅብ ወጣ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ፣ ተማሪው መጀመሪያ ድምፁን ፊደል በፊደል እንደሚሰማ፣ ቀጥሎ ቃል በቃል፣ በመጨረሻም ሐረግ በሐረግ እንደሚሰማ፣ በመካከል ያለው የቆመ የሚመስል ጊዜም የታችኛው ደረጃ ያለ ሐሳብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን የሚያስፈልግ ጊዜ እንደሆነ ነው። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ይህ ቆይታ ሁሉንም ተማሪ እንደማይገጥመው አሳይተዋል። የማብራሪያው ፍሬ ነገር ግን ንባብ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ፊደል እየለቀመ የሚያነብ ሰው የዓረፍተ ነገሩን መልእክት የሚይዝበት አቅም አይተርፈውም።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ቀድመው በሥርዓት አስቀምጠውታል ብዬ አምናለሁ። ሕፃኑ ፊደልና አቡጊዳ ከለየ በኋላ የሚሰጠው ንባብ አንዱኑ ጽሑፍ መጀመሪያ በግዕዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ ከዚያም በቁም ንባብ የሚያስኬድ ነው። የሚነበበው ቃል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ልጁ ቃሉን የሚይዝበት መንገድ ነው። በውጭ ሆኖ ለሚያይ ልጁ ወራት ሙሉ አንድ ገጽ ላይ የቆመ ይመስላል፤ የኔታ ግን ልጁ ያለበትን ደረጃ በስሙ ይጠሩታል፤ ልጁም «ውርድ ንባብ ላይ ነኝ» ይላል እንጂ «ቆሜ ቀረሁ» አይልም። እናንተም በምትማሩት ነገር ውስጥ ያላችሁበትን ደረጃ በስም ለመጥራት ሞክሩ። «እንግሊዝኛ አልችልም» ከማለት «ቃላቱን አውቃለሁ፤ ሰው ፈጠን ብሎ ሲናገር ግን የቃላቱን ወሰን አልለይም» ማለት ቀጥሎ የሚሠራውን ሥራ ራሱ ይነግራችኋል።

ክሩ የሚበጠስበትን ቦታ ማግኘት

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ስለሆነ በምሳሌ ላሳየው። ከሞረትና ጅሩ መጥታ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ሒሳብ እየሠራች በየፈተናው ከሃያ ጥያቄ ሰባት ታገኛለች፤ ሁለት ወር ሙሉ ያው ሰባት። አጠገቤ አስቀምጬ፣ ሳላቋርጣት፣ እስክሪብቶዋ የሚሄድበትን አየሁ። የሁለተኛ ደረጃ እኩልታ አፈታቷ እንከን አልነበረውም፤ የቱን ስልት መቼ መጠቀም እንዳለባት ታውቃለች። ነገር ግን ከቅንፍ በፊት የመቀነስ ምልክት በመጣ ቁጥር እጇ ይቸኩላል። 10 − (6 − 2) ብዬ ጻፍኩላት፤ 10 − 6 − 2 ብላ ጽፋ 2 አለች። መልሱ 6 ነው፤ ቅንፉ ሲፈታ የ2 ምልክት ወደ መደመር መለወጥ ነበረበት። ያለፈውን ፈተና አብረን ስናገላብጥ ከተሳሳተቻቸው 13 ጥያቄዎች 9ኙ የወደቁት በዚህች አንዲት ቦታ ሆኖ ተገኘ። ይህ የ12ኛ ክፍል ትምህርት አይደለም፤ ከዓመታት በፊት፣ ምናልባትም ትምህርት በተቋረጠበት ሰሞን፣ ሳይያዝ ያለፈ ነገር ነው። ለሁለት ሳምንት ሌላውን ሁሉ አስትቼ በየምሽቱ አሥር አሥር የቅንፍ ጥያቄ ብቻ አሠራኋት። በሚቀጥለው ፈተና ከሃያ 14 አገኘች።

ስለዚህ ለውጥ ሲቆም ሰዓት ከመጨመራችሁ በፊት ይህን አድርጉ። የቅርብ ጊዜ ስሕተቶቻችሁን ሰብስቡና ከእያንዳንዱ ጎን ስሕተቱ የተጀመረበትን መስመር ጻፉ፤ «ተሳሳትኩ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ከዚያ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ቁጠሩ። ከሁሉም የበዛውን አንድ ብቻ ምረጡ። ያን ስሕተት ከሌላው ሥራ ነጥላችሁ፣ ቀላል ሆኖ በሚገኝበት ደረጃ፣ ዝቅ ያለ ክፍል መጽሐፍ ማውጣት ቢያስፈልግም ሳታፍሩ፣ በቀን ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ ለሁለት ሳምንት ሥሩት። ወደ ኋላ መመለስ ብዙ ሰው ያሳፍረዋል፤ እንዝርት የያዘች ሴት ግን ክሯ ሲበጠስ የተበጠሰበትን ጫፍ ፈልጋ ትቀጥላለች እንጂ ከሌላ ቦታ አትጀምርም።

ስሕተታችሁን ራሳችሁ ልታዩት ካልቻላችሁ የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉ። ሰውየው ሊቅ መሆን የለበትም፤ ስትሠሩ በትዕግሥት የሚመለከትና ያየውን በግልጽ የሚናገር ይሁን። ሯጭ ከሆናችሁ ጓደኛችሁ ከጎን ሆኖ ለአንድ ደቂቃ በስልኩ ይቅረጻችሁ።

ቀርፋፋው መንገድ ትክክለኛው ሲሆን

የዘገያችሁ የመሰላችሁ ትክክለኛውን ዘዴ ስለያዛችሁ ሊሆንም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነብበው፣ አንዱን ቡድን ጽሑፉን ደግሞ እንዲያነብ፣ ሌላውን መጽሐፉን ዘግቶ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ ዘግተው የጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት ወደ 42 በመቶ ሲወርዱ፣ ዘግተው የጻፉት 56 በመቶ ይዘው ተገኙ። ደግሞ ማንበብ በዕለቱ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ዘግቶ መጻፍ ደግሞ የዘነጋነውን እያሳየ ያስጨንቃል። የሚቆየው ግን ሁለተኛው ነው። የአብነት ተማሪ ሌሊት ያለ መጽሐፍ የሚያደርገው ቅጸላ፣ ማለትም የተማረውን በቃሉ መድገሙ፣ ከዚህ የተለየ አይደለም።

በመሆኑም አንድ ገጽ ካነበባችሁ መጽሐፉን ገልብጣችሁ አስቀምጡና የያዛችሁትን በራሳችሁ ቃል ጻፉ፤ ከዚያ ገልጣችሁ አስተያዩ። ይህንኑ በማግስቱ፣ በአራተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ድገሙት። የሒሳብና የፊዚክስ ጥያቄዎችን ደግሞ አንድ ዓይነቱን ሃያ ጊዜ ከመደርደር አቀላቅላችሁ ሥሩ፤ ፈተና ላይ የሚያስቸግረው የትኛው ስልት ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን መለየት ነውና። ኮርኔልና ቢዮርክ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የሠዓሊዎችን አሣሣል አቀላቅለው የተማሩ ሰዎች የአንዱን ሠዓሊ ሥዕሎች በተከታታይ ካዩበት ጊዜ የተሻለ ለዩ፤ ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ የተሻለ የተማሩት በተከታታይ ባዩት እንደሆነ ተናገሩ። የራሳችን ስሜት በዚህ ጉዳይ ላይ ታማኝ ምስክር አይደለም።

አካል የራሱ ሰዓት አለው

ለአካል ልምምድ ነገሩ ይለያል። አዲስ ጀማሪ ክብደት ማንሣት ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ብርታት በአብዛኛው ነርቮች ጡንቻን በተሻለ ማዘዝ በመቻላቸው የሚመጣ ነው፤ ጡንቻው ራሱ ሲወፍር የሚታየው ዘግየት ብሎ ነው። ጅማት ደግሞ ከጡንቻም ከትንፋሽም ዘግይቶ ይጠነክራል። በዚህ ምክንያት ትንፋሹ የተስተካከለለት ሯጭ «አሁንስ ልጨምር» ብሎ ርቀቱን በአንድ ጊዜ ሲያበዛ ቁርጭምጭሚቱ ወይም ጉልበቱ ይይዘዋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። አብዛኛውን ሩጫ ከጓደኛችሁ ጋር እያወራችሁ ልትሮጡት በምትችሉት ፍጥነት አድርጉት፤ ፈጣኑን ሥራ በሳምንት ከሁለት ቀን አታስበልጡት።

ድካምን ከስንፍና ለመለየት ጠዋት ከአልጋ ሳትነሡ የልብ ምታችሁን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩና በደብተሩ ጻፉ። ከወትሮው በግልጽ ከፍ ብሎ ለተከታታይ ቀናት ከቆየ፣ እንቅልፍም ከተዛባ፣ አካላችሁ ዕረፍት ይፈልጋል፤ ለአንድ ሳምንት ልምምዱን በግማሽ ቀንሱት። አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ፣ አረማመድ የሚያስቀይር ሕመም ካለ ግን ልምምዱን አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የሚጾም ሰው በእነዚያ ሳምንታት ሰዓቱን ለማሻሻል ባይነሣ ይሻላል። ቀለል ያለውን ልምምድ ምግብ ወደሚቀመስበት ሰዓት አስጠግቶ ያለውን አቅም መጠበቅ ይበቃዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ፣ ሣሩ ነጭ ሆኖ በሚያድርባቸው ማለዳዎች፣ ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ወይም ለማሟሟቂያ የሚሰጠውን ጊዜ በእጥፍ መጨመር ያስፈልጋል።

ቀኑን ማመቻቸት

ጽናት በየማለዳው አዲስ ውሳኔ የሚጠይቅ ከሆነ ብዙ አይሄድም። ልምምዱን አስቀድሞ ካለ ነገር ጋር እሰሩት፤ ቡናው ከተነሣ በኋላ፣ ከብቶቹ ከገቡ በኋላ፣ ከማታ ጸሎት በኋላ። ላሊ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው ጥናት፣ አንድ ተግባር ያለ ብዙ ሐሳብ የሚደረግ ልማድ ለመሆን የፈጀው ጊዜ ከ18 እስከ 254 ቀን ሲደርስ መካከለኛው 66 ቀን ነበር። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ አንድ ቀን ካመለጣችሁ በማግስቱ የተለመደውን ያህል ብቻ ሥሩ፤ ያለፈውን ለማካካስ እጥፍ አትሥሩ። እጥፍ የሠራ ሰው በሦስተኛው ቀን ሲቀር ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከዚህ ጋር ከእሱ በታች የማትወርዱበትን መጠን ወስኑ። የአንድ ሰዓት ጥናት ለለመደ ሰው አሥር ደቂቃ ይሁን፤ ለሯጭ የሃያ ደቂቃ እርምጃ። እንግዳ በመጣ ዕለት፣ መብራት በጠፋ ማታ፣ ለቅሶ በተደረሰበት ቀን ይህ መጠን ብቻ ይበቃል። ከገበሬ ቤተሰብ ለሆኑ ተማሪዎች ደግሞ አጨዳና ውቂያ በሚደርስበት ወቅት ሙሉውን ዕቅድ ይዞ መቀጠል አይቻልም፤ ያን ወቅት አስቀድማችሁ በዕቅዱ ውስጥ እንደ ቀላል ሳምንታት ብትጽፉት፣ ሲደርስ እንደ ሽንፈት አትቆጥሩትም።

መተው የሚታሰብበት ቀን

መጽናት ማለት ፈጽሞ አለመተው ነው ብዬ አላስተምርም። አንዳንድ ትምህርት ለጊዜው የማይሆን፣ አንዳንድ ዘዴም ሊቀየር የሚገባው ነው። የማስጠነቅቀው ውሳኔው በመጥፎ ቀን እንዳይወሰን ነው። ስትጀምሩ ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ ያለ አንድ ቀን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ፤ እስከዚያ ቀን ልተው ወይስ ልቀጥል ብላችሁ አትከራከሩ። ቀኑ ሲደርስ የመጀመሪያውን ልቃቂትና የቅርብ ጊዜውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ ስሕተታችሁን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተቀምጣችሁ ወስኑ። የቆመው መንገዱ ከሆነ መንገዱን ቀይሩ፤ ለውጡ ካለና የዘገየው ምኞታችሁ ከሆነ ሌላ ቀን ጽፋችሁ ቀጥሉ።

በዚያ ቀን ራሳችሁን ከሌላው ሰው ውጤት ጋር አታስተያዩ። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት ከመቶ 30 ጀምረው 45 የደረሱ ተማሪዎች በዝርዝሩ ላይ «ያላለፉ» ተብለው ተቆጥረዋል። እነዚያ 15 ነጥቦች ግን የተሠራባቸው ናቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚጀመረውም ከእነሱ ላይ ነው። ይህን የማያሳይ ዝርዝር ለመንግሥት ሥራ ሊጠቅም ይችላል፤ ለእናንተ ለመማሪያ ግን አይሆንም።

እኔ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ሁሉንም ተማሪዎቼን ሃያ ጥያቄ አሠራና ወረቀቱን ሳልመልስላቸው በመሳቢያዬ ቆልፌ አኖረዋለሁ። ጥር ላይ አንዱ መጥቶ «ያው ነኝ» ሲለኝ መሳቢያውን ከፍቼ የእሱን አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ባለፈው ጥር የመጣው ልጅ ወረቀቱን ተቀብሎ ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ወንበር ሳበና ተቀመጠ፤ ከዚያ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ የመስከረሙን ስሕተት ከዳር እስከ ዳር ያርም ጀመር።